ጂፒኤስ ይዞ ካሽ ፍለጋ፦ መሣሪያው የት ድረስ ያደርሳል፣ ዓይን ከየት ይረከባል

ጂኦካሺንግ የሚባለው የፍለጋ ጨዋታ አሠራሩ አጭር ነው። አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ዕቃ ይደብቅና ያለበትን ቦታ በቁጥር ያስታውቃል። ሌላው ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። የተደበቀው ዕቃ «ካሽ» ይባላል። ቃሉ መሸሸግ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ስለሆነ ከጥሬ ገንዘቡ ካሽ ጋር አይዛመድም።

ጀማሪ ፈላጊ ካሹን ሲያጣ መጀመሪያ የሚወቅሰው ሳተላይቱን ነው። ሳተላይቱ ግን እምብዛም አይበድልም። ቁጥሩ ከድረ ገጽ ወደ መሣሪያ ሲሻገር አጻጻፉ ይለወጣል፤ ፋይሉ ያለቦታው ይቀመጣል፤ መሣሪያው የመኪና መንገድ እንዲከተል ታዝዞ ሳለ ቀስቱ ወደ ካሹ ያመለክታል ተብሎ ይጠበቃል። እነዚህ ሁሉ የሚታረሙ ናቸው። የማይታረመው የጥቂት ሜትር ስህተት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ልኩን የሚያውቅ ሰው ይወጣዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሳተላይቱ ጀምረን እጃችን እስኪገባ ድረስ እንከተለው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓቱ ስንት እንደሆነና እሱ ራሱ የት እንዳለ። መሣሪያችን ደግሞ ምልክቱ እስኪደርሰው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካል። ሳተላይቱ አናት ላይ ሲሆን ጉዞው 67 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ፣ 300 ሜትር ስለሚሄድ ሰዓቱ በዚያች ታህል ቢሳሳት ቦታው በ300 ሜትር ይስታል። ሳተላይቱ የአቶሚክ ሰዓት አለው፤ በእጃችን ያለው መሣሪያ ግን የለውም። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ሦስት ያልታወቁ ነገሮች ሲሆኑ የመሣሪያው የሰዓት ስህተት አራተኛ ሆኖ ይጨመራል። ቢያንስ አራት ሳተላይት ካልታየ ሙሉ ስሌት የማይወጣው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ሲበራ እያንዳንዱ ሳተላይት በትክክል የት እንዳለ የሚገልጸውን መረጃ ከራሱ ከሳተላይቱ ላይ ማንበብ አለበት። ይህ ሳይቋረጥ 30 ሰከንድ ይፈልጋል። እየተራመዱ ዛፍ ወይም ሕንፃ መሐል ከገቡ ምልክቱ ይቆራረጣል፣ ንባቡም እንደ አዲስ ይጀመራል። መሣሪያው ለወራት ጠፍቶ ከቆየ ወይም በአውሮፕላን ሩቅ አገር ከተወሰደ የሳተላይቶቹን ሁሉ አጠቃላይ ሰሌዳ ማደስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እሱ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። እንግዲያው ገና ከመኪና እንደወረዱ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አብርተው፣ ውኃዎን እስኪይዙና ጫማዎን እስኪያስሩ ሳያንቀሳቅሱት ያስቀምጡት። ስልክ ይህን መረጃ በኔትወርክ ስለሚያወርድ ወዲያው ቦታውን ያገኛል፤ ኔትወርክ በሌለበት ግን እሱም እንደ ሌላው መሣሪያ ታግሦ ይጠብቃል።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው ከዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ በሚደርሰው ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይጨምር ነበር፤ በዚያ ዘመን አንድ መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊያሳስት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ያ የተጨመረ ስህተት ተነሣ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አካባቢ ዕቃዎች የያዘ የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀና ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ቁጥሩ ሰሜን 45° 17.460'፣ ምዕራብ 122° 24.800' ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ተገኘ። ባልዲው በከፊል መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለነበር ዛሬ እንዲሁ ቢቀርብ አይጸድቅም፤ ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ ካሽ ለመደበቅ መሬት መቆፈር አሁን የተከለከለ ነው።

ሆን ተብሎ የሚጨመረው ስህተት ከተነሣ በኋላ የቀሩት የተፈጥሮ ስህተቶች ናቸው። አንደኛው ምልክቱ በላይኛው ከባቢ አየር ሲያልፍ መዘግየቱ ነው። ሁለተኛውና ለፈላጊ የባሰው፣ ምልክቱ ከገደል፣ ከሕንፃ ወይም ከእርጥብ ቅጠል ላይ ነጥሮ በመዞሪያ መድረሱ ነው። መሣሪያው የነጠረውን ምልክት በቀጥታ የመጣ ስለሚመስለው ሳተላይቱ ከእውነተኛው ርቀት ራቅ ያለ አድርጎ ያሰላዋል። በሁለት ሞገድ የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ለሁለቱም ችግር መድኃኒት አላቸው። የከባቢ አየሩ መዘግየት በሞገዱ ዓይነት ስለሚለያይ ሁለቱን በማነጻጸር ያሰሉታል፤ «ኤል 5» የተባለው ሁለተኛው ሞገድም የነጠረውን ከቀጥተኛው ለመለየት ይበልጥ ይመቻል። በስልክ ላይ ይህ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በሻኦሚ ሚ 8 ሲሆን፣ አይፎን ደግሞ ከ14 ፕሮ ጀምሮ በፕሮ ሞዴሎቹ ላይ አለው። ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያን ግሎናስ፣ የአውሮፓን ጋሊሊዮና የቻይናን ቤይዱን የሚሰማ መሣሪያ ብዙ ሳተላይት ያያል። ይህ በሜዳ ላይ ብዙም ባይታወቅ በሸለቆ ውስጥ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ትክክለኛነት 3 ሜትር» የሚል ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። መሣሪያው የሚሰጠው የራሱ ግምት ነው፤ ከ3 ሜትር በላይ አልሳሳትም ብሎ ቃል መግባቱ አይደለም። ከዚህም በላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ካሹን የደበቀው ሰው መሣሪያም የራሱ ስህተት ነበረበት። ሁለታችሁም በየፊናችሁ 5 ሜትር ብትሳሳቱ ስህተቶቹ ተዳምረው በአማካይ 7 ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ከሆነ 10 ሜትር ይደርሳሉ። ዜሮ ሜትር የሚለው ቦታ ላይ ቆሞ እግር ሥር ያለ ድንጋይ ሁሉ መገልበጥ ትርፉ ሣርና አፈር መጉዳት ነው። ከዚያ ነጥብ ዙሪያ 10 ሜትር ያለው ክብ በሙሉ የፍለጋው ሜዳ ነው።

ዲግሪ፣ ደቂቃና ነጥብ

አብዛኛው የጀማሪ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አንድ ቦታ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ጂኦካሺንግ የሚጠቀመው መካከለኛውን ነው፤ ዲግሪ በሙሉ ቁጥር፣ ደቂቃ ደግሞ ከነጥብ በኋላ በሦስት አኃዝ። የኡልመርን ባልዲ ብንወስድ በሦስቱም እንዲህ ይጻፋል፦

ዲግሪና ደቂቃ ከነጥብ ጋር፦ ሰሜን 45° 17.460'፣ ምዕራብ 122° 24.800'
ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ፦ ሰሜን 45° 17' 27.6"፣ ምዕራብ 122° 24' 48.0"
ዲግሪ ብቻ ከነጥብ ጋር፦ 45.29100፣ -122.41333

እዚህ ላይ ደቂቃና ሰከንድ የማዕዘን ክፍልፋዮች ናቸው እንጂ ከሰዓት ጋር አይገናኙም። ደቂቃውን ለ60 ሲያካፍሉት የዲግሪ ክፍልፋይ ይሆናል፤ 17.460 ለ60 ሲካፈል 0.291 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን የደቂቃ ክፍል በ60 ሲያባዙት ሰከንድ ይሰጣል፤ 0.460 በ60 ሲባዛ 27.6 ይሆናል።

አሁን ስህተቱን እንመልከት። 17.460 ደቂቃን «17 ደቂቃ ከ46.0 ሰከንድ» ብሎ የሚያስገባ ሰው ከትክክለኛው ቦታ 570 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይርቃል። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ካርታው ላይ ጥርጣሬ አይፈጥርም፤ ሰውየው ግማሽ ቀን የተሳሳተ ጫካ ሲፈትሽ ይውላል። የኬንትሮሱን 24.800 በዚሁ መንገድ 24 ደቂቃ ከ80 ሰከንድ ብሎ ለማስገባት ቢሞክር ግን ከ60 በላይ ሰከንድ ስለሌለ መሣሪያው እምቢ ይላል፤ ያ እምቢታ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይወቁ። 45.17460 ብሎ እንደ ዲግሪ የጻፈ ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የመቀነስ ምልክቷን ረስቶ 122.41333 ብሎ ያስገባ ቻይና ሰሜን ምሥራቅ ውስጥ ይገኛል። በዲግሪ ብቻ ሲጻፍ ደቡብና ምዕራብ ሁልጊዜ የመቀነስ ምልክት ይይዛሉ።

የደቂቃው የመጨረሻ አኃዝ በአንድ ስትቀየር በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ 1.85 ሜትር መንቀሳቀስ ማለት ነው። በምሥራቅ ምዕራብ አቅጣጫ ግን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎች እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ መጠኑ በቦታው ይወሰናል፤ ምድር ወገብ ላይ ያው 1.85 ሜትር ገደማ፣ የኡልመር ባልዲ በነበረበት 45 ዲግሪ ላይ 1.3 ሜትር፣ 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ ግማሹ ነው። ሦስት አኃዝ በቂ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ መጻፍ መሣሪያው ራሱ የማያውቀውን ማወቅ መስሎ መታየት ነው።

በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ከአጻጻፉ አጠገብ «ዳተም» የሚል ሌላ ምርጫ አለ። ዳተም የምድር ቅርጽና የቁጥሮቹ መነሻ የሚታሰብበት ሞዴል ነው። ጂኦካሺንግ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ብቻ ነው። አንድ ሰው በድሮ የወረቀት ካርታ ሲሠራ ዳተሙን ቀይሮ ከተወው ያው ቁጥር ከአንድ መቶ ሜትር በላይ የራቀ ቦታ ሊያሳይ ይችላል፤ አጻጻፉ ልክ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ያገለገለ መሣሪያ የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይመልከት።

በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወይስ ስልክ

ለጀማሪ ስልኩ ይበቃዋል። ይህን በእርግጠኝነት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ውድ ዕቃ ካልገዛሁ አልጀምርም ብሎ ይቀራልና። ስልክ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ፎቶና ፍንጭ ያሳያል፣ ያገኙትን እዚያው ያስመዘግባል። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ የሚበልጠው ዝናብና መውደቅን በመቋቋም፣ በጓንት በሚነኩ ቁልፎችና በባትሪ ነው። ለምሳሌ የጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ በሁለት ድቡልቡል ባትሪ 25 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል፤ ባትሪው ካለቀ ሌላ መቀየር ነው። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ባትሪ ካስገቡ በማስተካከያው ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ይንገሩት፤ አለበለዚያ ቮልቴጁን ከተራ ባትሪ ጋር እያነጻጸረ ገና ሳያልቅ አልቋል ይላል።

ሲገዙ የሚለዩት ትልቁ ነገር ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ መኖሩ ነው። ኢትሬክስ 22ኤክስ የለውም፣ 32ኤክስ አለው። ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ አቅጣጫን የሚያውቀው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው፤ ሲቆሙ ቀስቱ ትርጉም ያጣል። ኮምፓስ ያለው ሲቆሙም ያሳያል፤ ግን ባትሪ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መለካት አለበት፣ ያም መመሪያው እንደሚያሳየው መሣሪያውን በየአቅጣጫው በዝግታ በማዞር ይከናወናል። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ የመኪና በር፣ የብረት አጥር ኮምፓሱን ያሳብዱታል። አያያዙም ለውጥ አለው፤ እንደ ጂፒኤስማፕ 66 አናቱ ላይ ወፍራም አንቴና የቆመለት መሣሪያ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ፣ እንደ ኢትሬክስ ያለው ደግሞ ስክሪኑ ወደ ሰማይ ዞሮ ጠፍጣፋ ሲያዝ በደንብ ይሰማል።

በስልክ የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ከአንድሮይድ 12 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ተጠቃሚ ለመተግበሪያ ግምታዊ ቦታ ብቻ መፍቀድ ይችላል፤ በስህተት ያን ከመረጡ ነጥቡ በኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። በስልኩ ማስተካከያ ገብተው ትክክለኛ ቦታ የሚለውን ለመተግበሪያው ያብሩለት። ሁለተኛው ኃይል ቆጣቢው ነው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ቦታ መከታተሉን ስለሚያቆም ስልኩን ከኪስ ሲያወጡት የሚያዩት ነጥብ ከደቂቃዎች በፊት የነበሩበት ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ማድረግ ባትሪ ይቆጥባል፤ ጂፒኤሱ ምልክት ተቀባይ ብቻ ስለሆነ ሥራውን አያቆምም።

ያገለገለ ያረጀ መሣሪያ ቀኑን በ20 ዓመት ገደማ አሳስቶ ቢያሳይ አይደንግጡ። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የመጨረሻው መመለስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር። ቦታ ማመልከቱ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ያገኙበትን ቀን ሲመዘግቡ ግን በእጅ ማረም ይኖርብዎታል። አምራቹ ማሻሻያ አውጥቶ ከሆነም ያንን መጫን ነው።

ፋይሉና ፕሮግራሞቹ

ቁጥር በእጅ መጫን ለአንድ ለሁለት ካሽ ይሆናል፤ ለሃምሳ ግን ስህተት መጋበዝ ነው። ለዚህ የተበጀው ጂፒኤክስ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ሲሆን የካሹን ቁጥር፣ ስም፣ ዓይነት፣ መግለጫ፣ ፍንጭና የቅርብ ጎብኚዎችን ማስታወሻ አንድ ላይ ይይዛል። «ሎክ» የሚባለው የድሮው ፋይል ግን ስምና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መሣሪያዎ ስም ብቻ እያሳየ መግለጫ ካጣ ያወረዱት ሎክ መሆን አለበት።

የጨዋታው ዋና ድረ ገጽ ጂኦካሺንግ ዶት ኮም ለከፋይ አባላት «ፖኬት ኳየሪ» የሚባል አገልግሎት አለው። አካባቢና ዓይነት ተመርጦ እስከ 1,000 ካሽ በአንድ ፋይል ይዘጋጃል፤ ለእያንዳንዱ ካሽ የመጨረሻዎቹ አምስት ማስታወሻዎች ይካተታሉ። ፋይሉ በዚፕ ታጥፎ ይመጣል። ጋርሚን መሣሪያን በዩኤስቢ ካገናኙ በኋላ «ጋርሚን» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ጂፒኤክስ» የሚል ፎልደር ያገኛሉ፤ ፋይሉ እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አስወጣ ብለው አዘው ገመዱን ይንቀሉ። ሳያዙ መንቀል ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል፤ የተበላሸ ጂፒኤክስ ደግሞ አንዳንዴ መሣሪያው ሲበራ መሐል ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ፋይሉን በኮምፒዩተር መሰረዝ መሣሪያውን ይመልሰዋል።

ካሾቹ ካልታዩ በቅደም ተከተል የሚፈተሹት እነዚህ ናቸው፦ ዚፑ ተፈትቷል ወይ? ፋይሉ ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ ነው ወይ? መሣሪያው ላይ ማጣሪያ በርቶ ይሆን? ቁጥራቸው መሣሪያው ከሚችለው በላይ ነው ወይ? የቁጥሩ ገደብ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ጋርሚን ለብዙ ካሽ የሚሆን ጂጂዜድ የሚባል የታጠፈ ፋይል ያወጣው ለዚህ ነው። እሱን ግን ሁሉም ሞዴል አያነብም፣ የሚቀመጠውም በራሱ ስም በተጠራ ፎልደር ውስጥ ነው።

ከፕሮግራሞቹ መካከል ብዙ የሚደብቅና ብዙ የሚፈልግ ሰው የማይለየው ጂሳክ የተባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ካሾችን በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ ለምሳሌ ባለፈው ወር የተገኙ፣ ትንሽ ያልሆኑ፣ ከመንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ያልራቁ የሚሉ ማጣሪያዎችን አጣምሮ የቀሩትን ብቻ ወደ መሣሪያ ይልካል። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ገጽታውም ያረጀ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን የሚተካከለው አላገኘንም። ጂፒኤስ ባቤል ደግሞ አንዱን የፋይል ዓይነት ወደ ሌላው የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የድሮ መሣሪያ ያለው ሰው ያስፈልገዋል። በአንድሮይድ ሲጂኦ የሚባለው መተግበሪያ ነጻ ሲሆን ካሾችን ከካርታቸው ጋር አስቀድሞ በስልኩ ላይ ያስቀምጣል። በአይፎን ካችሊ በክፍያ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። የትኛውንም ቢጠቀሙ ዝርዝሩን፣ ፎቶዎቹንና ካርታውን ሦስቱንም ከቤት ሳይወጡ ማውረድዎን ያረጋግጡ። ዝርዝሩ ወርዶ ካርታው ከቀረ ሜዳ ላይ የሚታየው ባዶ ስክሪን ላይ የተሰካ ነጥብ ነው።

ያገኙትን ጋርሚን ላይ ሲመዘግቡ «ጂኦካሽ ቪዚትስ» በሚል ስም አንድ የጽሑፍ ፋይል ይፈጠራል። ያን ፋይል ወደ ድረ ገጹ ሲጭኑት እያንዳንዱ ካሽ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጥልዎታል፤ ጽሑፉን አስተካክለው ያወጡታል። ፋይሉ ካልተሰረዘ እየረዘመ ይሄዳል፣ የድሮውም አብሮ ይጫናል፤ ስለዚህ ሲጭኑ ከዚህ በፊት የገቡትን እንዲተው የሚያዘውን ምርጫ ያብሩ።

ሜዳ ላይ

ወደ ካሹ ከመነሣትዎ በፊት መሣሪያው እንዴት እንደሚመራዎ ይመልከቱ። መንገድ ተከተል ላይ ከሆነ ቀስቱ የሚጠቁመው ቀጣዩን መታጠፊያ ነው፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ ወደ መንገዱ እየመለሰ ያደክማል። መኪና እስኪቆም በመንገድ፣ ከዚያ በእግር ቀጥታ በሚለው ይምራዎት። «መንገድ ላይ ቆልፍ» የሚለውም ይጥፋ፤ እሱ እርስዎ ያሉበትን ነጥብ በግድ ካርታው ላይ ወዳለው መንገድ ይጎትተዋል። ቀጥታ ማለት ደግሞ ገደልና ወንዝ አያውቅም ማለት ነው፤ 80 ሜትር ቀረ ሲል ወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላልና ካርታውን አስቀድመው ይመልከቱ።

20 ሜትር ያህል ሲቀር እርምጃዎን ያዘግዩ፤ ፍጥነትዎ ሲቀንስ ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ ቀስት መዞር ይጀምራል። ቀስቱን አብሮ መዞር ብዙዎችን የሚያደክም ነገር ነው። ይልቅ 25 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ቀጥ ብለው በተለመደ እርምጃ እየሄዱ ቀስቱና ርቀቱ የሚያሳዩትን ቦታ በዓይንዎ ምልክት ያድርጉበት፤ የዛፍ ግንድ፣ ድንጋይ፣ ማንኛውንም። ከዚያ ከጎን፣ ከመጀመሪያው መንገድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሚሠራ አቅጣጫ ደግሞ ይቅረቡ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ፍለጋው ይጀመራል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ካለ መሣሪያውን ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲረጋ ይተዉት፤ ከዚያ የሚሰጠውን ርቀትና አቅጣጫ ይዘው በእርምጃ ይግቡ።

ከዚህ በኋላ መሣሪያውን ኪስዎ ይክተቱት። የካሹ ገጽ የሚነግርዎ አሁን ከቀስቱ ይበልጣል። መጠኑ «ማይክሮ» ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ማግኔት ያለበትም ይኖራል። «ስሞል» እስከ 1 ሊትር፣ «ሬጉላር» እስከ 20 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ደረጃዎች ከ1 እስከ 5 በግማሽ እየጨመሩ ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሁለተኛው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይናገራሉ። ፍለጋው 1.5 ተብሎ መንገዱ 4 ከሆነ ጭንጫ ላይ መውጣት አለ፣ ዕቃው ግን ከደረሱ ይታያል። ፍለጋው 4 ከሆነ ዓይንዎ ፊት ተቀምጦ ሌላ ነገር መስሎ ነው ያለው፤ ያለቦታው የተቀመጠ ቅርንጫፍ፣ ከሌሎቹ የጸዳ ብሎን፣ ተደርድሮ የተከመረ ድንጋይ ይፈልጉ። ፍንጩ ሮት 13 በሚባል ዘዴ የተሸፈነ ነው፤ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል 13 ቦታ በቀደመ ወይም በተከተለ ፊደል ይተካል። መተግበሪያዎች በአንድ ንክኪ ይፈቱታል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፍንጭ ግን ዘዴው ስለማይነካው ሳይሸፈን ነው የሚታይ፤ ደባቂ ይህን ይወቅ።

የመጨረሻዎቹን ማስታወሻዎችም ያንብቡ። ሦስት ሰው ተከታትሎ አላገኘንም ካለ ዕቃው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቁጥሩ 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይርቃል ብሎ የራሱን ንባብ ከጻፈ ያ ከምንም በላይ ይረዳል። እርስዎም ካላገኙ አላገኘሁም ብለው ይመዝግቡ፤ ይህ ለባለቤቱ የሚጠቅም መረጃ ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም።

ርቀትና አቅጣጫ ሲሰጥ

አንዳንድ እንቆቅልሽ ያላቸው ካሾች «ከዚህ ነጥብ በ137 ዲግሪ 420 ሜትር ሂድ» ይላሉ። በመሣሪያው ውስጥ ነጥብ ማስፈንጠር የሚባለው ሥራ ይህን ያሰላል፤ መነሻውን፣ ዲግሪውንና ርቀቱን ይቀበልና አዲስ ነጥብ ይሰጣል። የሚያሳስተው ሰሜኑ ነው። የካርታው ሰሜንና የኮምፓስ መርፌ ሰሜን በብዙ ቦታ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ 15 ዲግሪ በሆነበት አካባቢ በ500 ሜትር ጉዞ 130 ሜትር ያህል ያስታል። አንድ ዲግሪ ብቻ እንኳ በኪሎ ሜትር 17 ሜትር ተኩል ነው። በመግለጫው ውስጥ ሌላ ካልተባለ ደባቂው እውነተኛውን ሰሜን አስቦ ይሆናልና መሣሪያዎ የትኛው ላይ እንደተስተካከለ ይመልከቱ። ያገኙትን መልስ «የተስተካከለ ቁጥር» በሚለው ቦታ ያስገቡት፤ ድረ ገጹ ላይ የሚታየው የእንቆቅልሹ ነጥብ ለምልክት የተቀመጠ ብቻ ነውና በእሱ ከሄዱ ምንም የለም።

የራስዎን ካሽ ሲደብቁ

እዚህ ያለው ጥንቃቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ እርስዎ የሚያስመዘግቡት ስህተት በሚመጣው ፈላጊ ሁሉ ላይ ይደርሳልና። ከመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይያዙ። ሌላ ካሽ ከ161 ሜትር በታች ቅርብ እንዳይኖር በካርታው ያረጋግጡ፤ የእንቆቅልሽ ካሾች እውነተኛ ቦታ ስለማይታይ ካሹ ከመውጣቱ በፊት የሚመረምረው አጽዳቂ ሳይቀበለው ሊመልሰው ይችላል። ዕቃው በውስጡ ያለው እንዲታይ ብርሃን አሳላፊ ቢሆንና ላዩ ላይ ምንነቱ ቢጻፍበት መንገደኛ አይደነግጥም።

ቁጥሩን አንዴ አይተው አይጻፉ። በጋርሚን ውስጥ ነጥብን በአማካይ የሚወስድ ሥራ አለ፤ መሣሪያውን ካሹ ላይ አስቀምጠው ንባቡ መቶ በመቶ እስኪል ይጠብቃሉ፣ ያስቀምጣሉ። አምራቹ የሚመክረው ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ በየመካከሉ ቢያንስ 90 ደቂቃ እየተዉ መድገም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተከታታይ አሥር ደቂቃ ብትለኩ ሳተላይቶቹ ያው ስለሆኑ ስህተቱም ያው ነው፣ አማካዩ አያጠፋውም። ከሰዓታት በኋላ ግን ሳተላይቶቹ ሌላ ቦታ ናቸው፣ የነጠረው ምልክትም ከሌላ ወገን ይመጣል። በተለያየ ቀን ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በስልክ ብቻ የሚሠራ ሰው በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ለክቶ መካከለኛውን ይውሰድ፤ አንዱ ከሌሎቹ 15 ሜትር ከራቀ ይጣለውና እንደገና ይለካ።

ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ካስገቡ በኋላ ከዚያው መልሰው ወደ መሣሪያዎ ያውርዱት፤ ከማስታወሻ ደብተርዎ ላይ አይገልብጡት። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሰው እንደማያውቅ ሰው ከ50 ሜትር ርቀት ይቅረቡት። አንድ አኃዝ ተገላብጦ ከሆነ ወይም ሰሜንና ደቡብ ተለዋውጦ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።